ከባትሪው በፊት መገዛት የነበረባት ቢጫ ቴስተር፦ ከስምንት ወር በኋላ

ነገሩ የጀመረው ኅዳር ላይ ነው። የኔዋ ዲኤክስ ኮሮላ ጠዋት ጠዋት ቁልፉን ሳዞር «እህ... እህ... እህ...» ማለት አመጣች። እንደ ድሮዋ «ክርርር» ብላ አትዞርም። ሦስተኛው ላይ ወይ ትነሳለች፣ ወይ የሰፈር ልጆች ተጠርተው በስፒንታ። ልጆቹ መጀመሪያ በነፃ ነበር የሚገፉት። ኋላ ላይ ገና ኮፈን ስከፍት ሲያዩኝ «ጋሼ፣ የሻይ?» ማለት ጀመሩ።

ባትሪ ነው አሉኝ። ያላለ ሰው የለም። አሮጌውን አስረክቤ፣ ልዩነቱን ከፍዬ አዲስ ገዛሁ። አንድ ሳምንት የተሻላት መሰለኝ፤ ከዚያ ያው እህህዋ። ቀጥሎ ሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) ነው ተባለ። ሞተሪኖው ወረደ፣ ካርቦኑ ተቀየረ፣ ከፈልኩ። ያው። ሌላ ጋራዥ ወሰድኳት፤ መካኒኩ ጆሮውን እንኳን ሳያስጠጋ «ሞተሩ ደክሟል፣ መውረድ አለበት» ሲለኝ ቁልፌን ተቀብዬ ወጣሁ።

ቴስተሯን፣ ማለትም ቮልት መለኪያዋን፣ ያገኘኋት በአጋጣሚ ነው። መርካቶ የመብራት ማብሪያ ልገዛ ገብቼ መደርደሪያ ላይ አየኋት። ሻጩ «ለመኪና ከሆነ ይቺ መጫወቻ ናት፣ ትልቁን ውሰድ» አለኝ። ትልቁን እንዳልወስድ ባትሪና ሞተሪኖ ኪሴን አራግፈውታል። የባትሪዬ ዋጋ እሷን የመሰሉ ሃያ ይገዛል። ወንድሜ፣ ያቺ መጫወቻህ ሁለት ጋራዥ ያላገኘውን በሩብ ሰዓት አገኘችው!

እንዲህ ነው የሆነው። ጠዋት፣ መኪናዋ ሳትነሳ፣ ቴስተሯን ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርጌ ባትሪውን ለካሁ፤ 12.6። አርፎ ያደረ ሙሉ ባትሪ እዚያው አካባቢ ነው የሚያሳየው፤ 12.2 ቢል ግማሹ አልቋል ማለት ነበር። ከዚያ እንዳትነሳ የኮይሉን ገመድ ነቀልኩና ባለቤቴን ቁልፉን እንድታዞር ለመንኳት። («ዛሬ ደግሞ ምን ልታፈርስ ነው?» ብላ ነው የገባችው።) ሞተሪኖው እያቃሰተ ባትሪው 10.9 ላይ ቆመ። በዚያ ሰዓት ከ9.6 በታች ካልወረደ ባትሪው ጤነኛ ነው። እንግዲህ ጉልበት አለ፤ ሞተሪኖው ጋ ግን አይደርስም። መንገድ ላይ የሚበላው አለ።

ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ሞተሪኖው ለካሁ፤ 0.2፣ ምንም አይልም። ከዚያ ጥቁሩን ሽቦ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ቀዩን የሞተሩ ብረት ላይ አስጠግቼ «አዙሪ!» አልኩ። 1.9! መጀመሪያ የተሳሳትኩ መስሎኝ ደገምኩት። አሁንም 1.9። እነዚህ ሁለት ቦታዎች በአንድ ገመድ የተያያዙ ናቸው፤ በመካከላቸው መታየት ያለበት ዜሮ ነጥብ ምናምን ነው፤ 0.3 ካለፈ ችግር አለ። ከ10.9 ላይ 0.2 እና 1.9 ሲቀነስ ሞተሪኖዬ በ8.8 ቮልት ነበር ለካ የምትታገለው።

ኮፈን ስር ተደፋሁ። ኔጌቲቩ ገመድ ካምቢዮው ላይ የሚታሰርበት ቡሎን በዘይትና በአቧራ ተለስኗል። በ14 ቁልፍ ፈትቼ ስስበው ከላስቲኩ ውስጥ አረንጓዴ ዱቄት ረገፈ። የመዳቡ ክሮች ገሚሶቹ ተበጥሰዋል፣ የቀሩት ጠቁረዋል። ከላይ ሲያዩት ግን ደህና ገመድ ነው።

የመጀመሪያው ጋራዥ ይህንኑ ገመድ በቴስተር ድምፅ ሞክሮ «ፒጵ ይላል፣ ደህና ነው» ብሎኝ ነበር። ፒጵማ ይላል! ለፒጵታው አንድ ክር ይበቃዋል። ሞተሪኖ ግን ከመቶ አምፒር በላይ ነው የሚስበው። ከመቶ አንድ ኦም የምታህል እንቅፋት ቴስተሯ አታያትም፤ 150 አምፒር ሲያልፍባት ግን 1.5 ቮልት ትውጣለች። አንድ ሰው የሚያሳልፍ በር ለሠርገኛ አይበቃም። ስለዚህ መለካት ያለበት ሞተሪኖው እየሠራ ነው።

የሚያናድደኝ ምልክቱ ፊቴ ላይ የነበረ መሆኑ ነው። ሞተሪኖው ሲያቃስት የፊት መብራቱ እምብዛም አይደበዝዝም ነበር። ባትሪው ቢሆን ኖሮ መብራቱም አብሮ ይሞት ነበር። ደግሞ ከዳሽቦርድ እስከ ሞተሩ የሚሄደው የቾኩ ሽቦ እጄን ያቃጥለኝ ነበር። ለካ ኤሌክትሪኩ መንገዱ ሲዘጋበት በቾኩ ሽቦ በኩል እየዞረ ነው! እኔ የሞተር ሙቀት ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

ወፈር ያለ ገመድ ከሶማሌ ተራ ገዝቼ፣ ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፍቄ አሰርኩት። ድጋሚ ስለካ 0.1። «ክርርር!» ባለቤቴ ከውስጥ ሳቀች።

ስለ ቴስተሯ ራሷ ብዙ የምለው የለም። ሽቦዎቿ ቀጫጭን ናቸው፤ አንዱ በአምስተኛው ወር ተበጥሶ አስበይጄዋለሁ። መብራት ስለሌላት ማታ በአፍ የእጅ ባትሪ ነክሶ ማንበብ ነው። 10 አምፒር የሚለውን ቀዳዳ ለሞተሪኖ እንዳትሞክሩት፤ እዚያው ይቃጠላል። ደግሞ ሞተራችሁ በደንብ እየዞረ እሳት የማይይዝ ከሆነ ይህ ሁሉ አይመለከታችሁም፤ ካንዴላና ቤንዚን እዩ።

ትገዛ ወይ? ትገዛ! ሌላውን እንኳ ይቅር ብያለሁ፤ ያ በአሮጌ ዋጋ ያስረከብኩት ባትሪ ግን አይወጣልኝም። ደህና ባትሪ ነበር፣ አሁን የማን መኪና ላይ «ክርርር» እንደሚል እንጃ። ፎቶዋን ላያይዝ ነበር፤ ጎረቤቴ «ባትሪዬ ደክሟል መሰለኝ» ብሎ ወስዷት ይኸው ሦስተኛ ቀኑ ነው።