ስስት እና ስግብግብነት
ሁለቱ ቃላት በብዙዎች አንደበት ቢቀላቀሉም፣ ስግብግብነት ወደ ሌላው ድርሻ የሚዘረጋ እጅን፣ ስስት ግን በያዘው ላይ የሚጨበጥ እጅን ያመለክታል። በድሬዳዋ ከፊራ ገበያ ማንጎ የምትሸጥ ሴት፣ ሳያስፈቅድ ከመደቡ አንድ ፍሬ አንስቶ ፌስታሉ ውስጥ የሚጨምረውን ደንበኛ (አንቱታ በማይበዛባት ድሬ) «አንተ ስግብግብ!» ትለዋለች፤ እሷ ምራቂ ስትነፍግ ደግሞ «ስስታም» የምትባለው ራሷ ናት።

ይሁን እንጂ ስስት ሌላም ፊት አለው። እናት ልጇን «እሳሳልሃለሁ» ስትለው የምትገልጸው ንፍገትን ሳይሆን፣ እንዳታጣው ከመስጋት ጋር የተጣመረ ፍቅርን ነው። ስግብግብነት እንዲህ ያለ ለስላሳ ገጽ ስለሌለው፣ የሰው ሀብት የሚያግበሰብስን ነጋዴ «ስስታም» ማለት እንደ እኔ አመለካከት ጥፋቱን ማቅለል ነው።