ጄክ ወይስ ብላክ ጃክ?

ካሜራ ይዞ ለሚጠልቅ ሰው ሁለቱም ባሕር ውስጥ የሰመጡ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላኖች ያጓጓሉ።

ጄክ በፓሲፊክ ደሴቶቿ አገር ፓላው ውስጥ፣ ኮሮር ከተማ አጠገብ የሰመጠ የጃፓን የባሕር አውሮፕላን ነው። ጥልቀቱ 15 ሜትር ገደማ ብቻ። ብርሃን እንደ ልብ ይገባል። ክንፉ ላይ የበቀለውን ኮራልና ትንንሾቹን ዓሦች ተረጋግቶ ለማንሳት አየሩም ይበቃል።

ብላክ ጃክ የአሜሪካ ቢ-17 ቦምብ ጣይ ነው። በ1943 እ.ኤ.አ. የጃፓን ጦር ሰፈር የነበረውን ራባውልን ለመደብደብ ወጥቶ ሲመለስ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ባሕር ላይ አረፈ። አሥሩም ሰዎች ተረፉ! አሁን ያለው 46 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ለመዝናኛ ጠላቂዎች ከተለመደው የ40 ሜትር ወሰን ያልፋል። ያለ መብራት ቀይ ቀለም አይታይም፤ የሚቆዩበትም ደቂቃ ጥቂት ነው።

ታሪኩ ልቤን ቢነካውም፣ ለጀማሪ የምመክረው ጄክን ነው። ብቻ ኮራሉን አትንኩት።