ወደ ዳሎል፦ በአንድ መኪና ወይስ በሁለት?

ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ወዳለው የዳሎል በረሃ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወርድ ሰው፣ ትርፍ ጎማ ጨምሮ በአንድ መኪና ከመሄድና ከሌላ መኪና ጋር ተጣምሮ ከመሄድ አንዱን መምረጥ ይኖርበታል። የመጀመሪያው ወጪ ይቀንሳል፤ ነገር ግን አምስት ባለ20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ብቻውን 100 ኪሎ ስለሚመዝን፣ ነዳጁና ጎማው ሲታከሉበት ባሌስትራው (የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ብረት) ይጎብጣል፣ መኪናውም አሸዋ ላይ ቶሎ ይሰምጣል። ክሪኩም ከሥሩ ሰፊ ጣውላ ካልተደረገለት መኪናውን በማንሳት ፈንታ ራሱ አሸዋው ውስጥ ይገባል። በሁለት መኪና ሲኬድ ጭነቱ ይከፈላል፣ የሰመጠውም በገመድ ይጎተታል፤ በአንጻሩ የነዳጅ ወጪው እጥፍ ነው፣ የኋለኛው ሾፌርም (ይህ ዕጣ ብዙ ጊዜ ለአዲሱ ይደርሰዋል) የፊተኛውን አቧራ ሲውጥ ይውላል። ጉዞው ሙቀቱ ረገብ በሚልበት ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ቢሆንም እንኳ፣ ለጀማሪ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።