ለእማዬ ያስያዝነው «የወደፊት ህክምና» ውይይት፦ ንግግሩ ወርቅ ነው፣ ቅጹ ግን ብዙ ይቀረዋል

ቀጠሮውን ያስያዝኩት እኔ ነኝ። እማዬ በልብ ድካም ምክንያት ለሁለተኛ ጊዜ ሆስፒታል ተኝታ ስትወጣ ሐኪሟ «አንዲት ነርስ ላገናኛችሁ። ህመሙ እየከበደ ቢሄድ ምን ዓይነት ህክምና እንደምትፈልግ ከአሁኑ ትነጋገራላችሁ» አለን። ወንድም ጋሼ ፊቱ ልውጥ አለ። ኮሪደር ላይ ጎትቶኝ «ገና በህይወት ባለች ሰው ላይ ምን ያሟርታሉ?» አለኝ።

እኔ ግን አላመነታሁም። አባዬን ያጣነው ፅኑ ህሙማን ክፍል ውስጥ ነው። 16 ቀን መተንፈሻ ማሽን ላይ ቆየ። ምን እንደሚፈልግ አንዳችንም ጠይቀነው አናውቅም ነበር። እኔ ይብቃው፣ አይሰቃይ ስል ወንድም ጋሼ ደግሞ ሁሉም ነገር ይሞከርለት ይል ነበር፣ ሐኪሞቹ መሀላችን ቆመው ማንን እንደሚሰሙ ግራ ይገባቸዋል፣ ታናሽ እህቴ በር ላይ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። ከዚያ በኋላ እኔና ወንድሜ ዓመት ሙሉ ተኮራርፈን ኖርን። በእማዬ እንዲደገም አልፈለግሁም።

ውይይቱ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። የመጣችው የማስታገሻ ህክምና ነርስ ናት፣ ፓሊየቲቭ ኬር የሚሉት ክፍል ውስጥ የምትሠራ። ታማሚው የሚፈልገውና የማይፈልገው ህክምና የሚሞላበትን ቅጽ አውጥታ መጠየቅ ትጀምራለች ብዬ ነበር። አልነካችውም። ወንበሯን ወደ እማዬ አስጠግታ «እማማ፣ ለእርስዎ ጥሩ ቀን የሚባለው ምን ዓይነት ቀን ነው?» አለቻት።

እማዬ ቆየት ብላ «ጠዋት ማንም ሳይደግፈኝ በረንዳው ድረስ ሄጄ ፀሐይ የሞቅሁ ቀን» አለች። ነርሷ ጻፈችው። ቀጥላ «የሚያስፈራዎትስ ምንድነው?» ስትላት ሦስታችንም ሞት ትላለች ብለን ትንፋሻችንን ዋጥን። እማዬ ግን «መታፈን» አለች። «ሌሊት አየር ሲያጥረኝ ጉድጓድ ውስጥ የተከደነብኝ ይመስለኛል። ሞቱንስ ለምጄዋለሁ።»

እኛ ይህን አናውቅም ነበር። አብሬያት ነው የምኖረው፣ መድኃኒቷን የምሰጣት እኔ ነኝ፣ ግን አላውቅም ነበር። ነርሷ ወዲያው ወደዚያው ገባች። ትንፋሽ ሲያጥር ከትራስ ቀና ብሎ መቀመጥ፣ ፊት ላይ ነፋስ እንዲደርስ ማድረግ፣ ሐኪም በልኩ ያዘዘው ትንሽ ሞርፊን ደግሞ የመታፈኑን ስሜት ሊያቀል እንደሚችል ነገረቻት። ሞርፊን ሲባል ወንድም ጋሼ «ይገድላታል እንጂ» አለ። በትክክል ተመጥኖ ሲሰጥ ሞትን እንደማያፋጥን በትዕግሥት አስረዳችው፣ አላጣደፈችውም። ለዚህ ብቻ ቀጠሮው የሚገባው ነበር እላለሁ።

ከዚያ ወደ ከባዱ ክፍል ተሄደ። ልብ ሲቆም ደረት እየተጫኑ የሚደረገውን እርዳታ፣ ሲፒአር የሚሉትን፣ ያሳየችን ትራስ ላይ ነው። ሁለት እጇን አደራርባ ትራሱን ቁልቁል ተጫነችው። «5 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ውስጥ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ» አለች። ትራሱ መሀሉ ሰመጠ። የጎድን አጥንት ሊሰበር እንደሚችል ሳትደብቅ ነገረችን። ሆስፒታል ውስጥ ልቡ ቆሞ ይህ ከተደረገለት ሰው ድኖ ከሆስፒታል የሚወጣው ከ4 ወይም ከ5 አንዱ ያህል ነው፤ ዕድሜው የገፋና ከባድ በሽታ ያለበት ከሆነ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። እኔ ፊልም ላይ እንዳየሁት ሰው ተጭነውት ብድግ የሚል ነበር የሚመስለኝ። እማዬ ትራሱን አየችና «ይሄን ለኔ አታድርጉ» አለች። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም።

ስለ መተንፈሻ ማሽኑ ግን መልሷ ሌላ ነበር። «የሚድን ነገር ከሆነ፣ ለምሳሌ የሳንባ ምች፣ ጥቂት ቀን ይሞከር። ካልሆነ አውጡልኝ» አለች። ነርሷ ይህ የተለመደ ነገር እንደሆነ፣ ሐኪሞችም በጊዜ የተገደበ ሙከራ እንደሚሉት ነገረችን። አባዬ ሲታመም ይህ አማራጭ መኖሩን ብናውቅ ኖሮ እኔና ወንድሜ ያን ያህል አንነካከስም ነበር።

የቅጹ ችግር የታየኝም እዚህ ላይ ነው። ቅጹ ላይ ያሉት ሳጥኖች ሁለት ብቻ ናቸው፣ «እፈልጋለሁ» እና «አልፈልግም»። እማዬ ያለችው የትኛውም ውስጥ አይገባም። ነርሷ ህዳጉ ላይ በእጅ ጽፋ እማዬን አስፈረመቻት። አንዱ አንቀጽ ደግሞ «የመዳን ተስፋ በሌለበት ሁኔታ» ይላል። ተስፋ የለም የሚለው ማነው? አንድ ሐኪም? ሁለት? ምንም አይልም። «ህይወትን የሚያራዝም ህክምና» የሚለውም እንደዚያው ነው፣ አንቲባዮቲክም ህይወት ያራዝማል፣ የኩላሊት እጥበትም ያራዝማል፣ ሁለቱ ግን ለታማሚው የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ። ነርሷ ባትኖር ኖሮ ወረቀቱን ብቻችንን ሞልተን ምንም ሳይገባን ፈርመን እንቀመጥ ነበር።

ወኪል መምረጥ የሚለው ላይ ሲደረስ ሁላችንም ወንድም ጋሼን ነው የጠበቅነው፣ እሱም ራሱ ጠብቋል። እማዬ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ሁኚ። ልጄ፣ እሱ እኔን ማጣት አይችልም፣ እንቢ ማለት ይከብደዋል።» ወንድሜ አንገቱን ደፋ። ነርሷ ዝም ብላ አላለፈችውም። «ወኪል ማለት የሚወስንላት ሰው አይደለም፣ መናገር ሲያቅታት የእሷን ቃል የሚያደርስ ነው፤ ያኔ ደግሞ ቃሉን የሰማ ወንድም አጠገቧ ያስፈልጋታል» አለችው። ከዚያ ለሁላችንም የነገረችን ነገር አስደነገጠኝ። በ2006 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ሥራ ቤተሰብ የታማሚውን ፍላጎት በትክክል የገመተው 68 በመቶ ብቻ እንደሆነ አግኝቷል። ከሦስት አንዱን ያህል እንስታለን ማለት ነው። እማዬ ስለ መታፈን የተናገረችውን አስታወስኩና ገባኝ።

ሌላም አነበብኩ። በ2010 አውስትራሊያ ውስጥ ዕድሜያቸው 80 እና ከዚያ በላይ የሆነ 309 ታማሚዎች የተሳተፉበት ጥናት ነበር። ከሞቱት መካከል እንዲህ ዓይነት ውይይት ያደረጉት 86 በመቶ ፍላጎታቸው ታውቆ ተፈጽሞላቸዋል፣ ውይይቱን ያላደረጉት ግን 30 በመቶ ብቻ። የቀሩት ቤተሰቦችም ጭንቀታቸው ቀላል ነበር። ይህን ለወንድም ጋሼ ላክሁለት። አልመለሰልኝም፣ ማንበቡን ግን አየሁ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ከውይይቱ ስምንት ወር በኋላ እማዬ ሌሊት ትንፋሿ ተያዘ። ቅርብ ወደነበረው ሌላ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሮጥን። እዚያ ስለ ቅጹ የሚያውቅ ሰው የለም። ዋናው ወረቀት የሚከታተላት ክሊኒክ ፋይል ውስጥ ነው፣ የእኛ ቅጂ ቤት መሳቢያ ውስጥ። ተረኛው ሐኪም ቱቦ ሊያስገባላት እየተዘጋጀ ነበር፣ ደግሞ አልፈርድበትም፣ ምን ያውቃል። እጄ እየተንቀጠቀጠ ስልኬን ስበረብር አንድ ጊዜ ያነሳሁትን የቅጹን ፎቶ አገኘሁ። ፎቶው ደብዝዟል፣ ህዳግ ላይ የተጻፈው አይነበብም። ስልኩን ወንድም ጋሼ ከእጄ ወሰደና ለሐኪሙ በቃሉ ነገረው። «ቀድማ ተናግራለች። የሚድን ከሆነ ሞክሩ፣ ደረቷን ግን አትጫኑ። እኔም ሰምቻለሁ።» ሐኪሙ አዳመጠው። በጭንብል ኦክስጅንና ሰውነቷ ውስጥ የተጠራቀመውን ውኃ በሽንት በሚያስወጣ መርፌ ጀመሩላት፣ ቱቦውን አቆዩት። ጠዋት ላይ ነቃ ብላ ውኃ ጠየቀችን።

ስለዚህ ነጥብ ስጡ ካላችሁኝ፦ ለንግግሩ ከ5 አምስት፣ ለቅጹ ሦስት፣ ቅጹ በሚያስፈልግበት ሰዓት መገኘቱን ለማረጋገጥ ለሠሩት ሥራ አንድ። ቅጂውን የት የት ማስቀመጥ እንዳለብን ማንም አልነገረንም። እኛ አሁን ለጎረቤት የምንመክረው ይህን ነው፦ ወኪሉ ጋር አንድ፣ ሐኪሙ ጋር አንድ፣ ሆስፒታል ሲኬድ የሚያዘው ቦርሳ ውስጥ አንድ፣ ስልክ ላይ ደግሞ ጥርት ያለ ፎቶ። የወረቀቱ የህግ ጉልበት ከአገር አገር ስለሚለያይ እሱንም ቀድሞ መጠየቅ ነው። ሐሳብ ከተለወጠም በማንኛውም ጊዜ መቀየር ይቻላል፤ ታማሚው ራሱ መናገር እስከቻለ ድረስ ደግሞ የሚሰማው ወረቀቱ ሳይሆን እሱ ነው። እማዬ ይህን ስትሰማ ነው ትከሻዋ የተፈታው።

እማዬ ያረፈችው ከዚያ ሌሊት ሦስት ወር በኋላ ነው፣ አልጋዋ ላይ፣ መስኮቱ ተከፍቶ። በመጨረሻው ሳምንት ምግብ እንቢ አለች። ያ ውይይት ባይኖር ኖሮ አፏን ይዘን እናጎርሳት ነበር። ነርሷ ግን ቀድማ ነግራናለች፣ ሰውነት ሲደክም ምግብ አይፈልግም፣ እኛ የምናውቀው ረሃብም አይደለም፣ ከንፈሯን ብቻ አርጥቡላት ብላን ነበር። ታናሽ እህቴ ትንሽ ስፖንጅ ውኃ ውስጥ እየነከረች ከንፈሯን ታብስላት ነበር፣ እማዬም ስፖንጁን በከንፈሯ ያዝ ታደርገዋለች። ጉሮሮዋ ውስጥ የሚሰማው ድምፅም አስቀድሞ ተነግሮን ስለነበር አልሸሸንም። ወንድም ጋሼ እጇን እንደያዘ ነው ያለፈችው።

ይህን አገልግሎት ለምትፈልጉ አንድ ነገር ልጨምር። ሁለት ቀጠሮ ጠይቁ። አንድ ሰዓት ተኩል ለመጀመሪያው ወሬ እንጂ ለቅጹ አይበቃም፣ መጨረሻ ላይ ተጣድፈናል። ቤተሰቡም ሁሉ ይገኝ፣ በተለይ የማይስማማው ሰው።

እኔም ለራሴ በሚቀጥለው ወር ቀጠሮ ይዣለሁ። ጤነኛ ነኝ፣ ግን ጊዜው አሁን ነው ብዬ ነው። ወኪሌ የማደርገው ወንድም ጋሼን ነው። ገና አልነገርኩትም፣ ዛሬ ማታ ከሥራ ሲገባ እደውልለታለሁ።