ያቺን የብረት ማንሻ ገመድ እንዳትገዙ

በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በሞጣም ሆነ በዳንግላ ብረት የምትገፉ ልጆች፣ ይቺን አንብቡና ለጓደኞቻችሁ አካፍሉልኝ። ሰሞኑን በቴሌግራም እየዞረች ያለችውን «የብረት ማንሻ ገመድ» እንዳትገዙ። ቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁም ፕሌት (መሀሉ ቀዳዳ ያለው ክብ የክብደት ብረት) ሳታንጠለጥሉባት በፊት ከታች የጻፍኩትን እዩ።

ዕቃዋን ላላያችሁ፣ አንድ ክንድ የማትሞላ ወፍራም ገመድ ናት። የላይኛው ጫፏ ታጥፎ እጅ የሚይዘው ቀለበት ተሠርቶላታል። የታችኛው ጫፍ በፕሌቱ መሀል ቀዳዳ ያልፍና ከሥር ይቋጠራል፤ ቋጠሮው እንዳይሾልክ ደግሞ ሮንዴላ ይደረግበታል። በቃ፣ ሌላ ነገር የላትም። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ኬትልቤል (እጀታ ያለው የክብደት ብረት) መግዛት ያልቻለ ሰው አንድ ፕሌት ይዞ ከመሬት ሊያነሳበት፣ ጎንበስ ብሎ ሊስብበት፣ ይዞት ሊራመድበት ይችላል። ገመድ ከብረት እጀታ ይልቅ ለመያዝ ስለሚያስቸግር ጣትና ክንድ ያጠነክራል፤ ትግል የሚሠሩ ስፖርተኞች በፎጣና በገመድ የሚንጠለጠሉት ለዚሁ ነው። የእኔ ጸብ ከዋጋዋና ከውሸቷ ጋር ነው።

ዋጋዋ 2,600 ብር። ማስታወቂያው «ኦሪጅናል ናይለን፣ 300 ኪሎ የሚችል፣ ኬትልቤልን የሚተካ» ይላል። የሰፈራችን ልጆች አዋጥተው ገዙ። ብሩ በቴሌብር ቀድሞ ተላከ፤ ዕቃው ከአዲስ አበባ በአውቶብስ ተጭኖ፣ ዓባይን ተሻግሮ መጣና ከመናኸሪያ ተቀበልን። ደረሰኝ የለ፣ የአምራች ስም የለ፣ የተሠራበት አገር የለ። «300 ኪሎ» የምትል አንዲት ወረቀት ብቻ ተለጥፋበታለች።

ለጥቂት ቀን ሠራች። ከዚያ አንዱ ልጅ 15 ኪሎ ፕሌት አንጠልጥሎ በእግሮቹ መሀል ሲያወዛውዝ ገመዷ ከሮንዴላው ከፍ ብሎ ካለው ቦታ ተበጠሰች። ፕሌቱ ተወርውሮ የግቢውን ቆርቆሮ በር መታው፤ በሩ እስካሁን እንደጎደጎደ ነው። በዚያ በኩል ሰው አልነበረም፣ ተመስገን። የልጁ እናት ነጠላቸውን እንኳ ሳያጣፉ ወጥተው «ምነው ልጆቼ፣ ቤቴን ልታፈርሱት ነው እንዴ?» አሉን። ምን እንላለን?

ገመዷን ተርትረን አየናት። ላይዋ ጥቁር የተጎነጎነ ሽፋን ነው፤ ለዓይን ያምራል። ውስጧ ግን የተገመደ ነገር የለም። የጨርቅ ብጣሽና የማዳበሪያ ጆንያ ክር የሚመስል ነጭ ፕላስቲክ ዝም ብሎ ተጠቅጥቆበታል። ሸክሙን ሲችል የነበረው ያ ቀጭን ሽፋን ብቻ ነበር ማለት ነው። ሁለቱም ጫፎች በእሳት ቀልጠው ስለተደፈኑ ሳይቆርጧት ውስጧ አይታይም፤ ተንኮሉም እዚያ ላይ ነው። ሌላም ነገር አስተዋልኩ፦ የተበጠሰችበት ቦታ ግማሹ የተቦጨቀ፣ ግማሹ ግን በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። የፕሌቱን ቀዳዳ በጣቴ ስዳስሰው ከፋብሪካ ሲወጣ ያልተሞረደ ሹል ጠርዝ አለው። ፕሌቱ በተወዛወዘ ቁጥር ገመዷን ሲከረክራት ከርሟል። ይሄኛው ለማንኛውም ገመድ ስለሚያሰጋ ቀዳዳውን ሞርዱት፤ ሞረድ ከሌለ ጠንከር ያለ ብርጭቆ ወረቀት ይበቃል።

የ«ናይለን» ነገርም ውሸት ነው። ከነጩ ክር ቆርጬ ውኃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ ጨመርኩት፤ አየር እንዳይዝ ውኃው ውስጥ በጣቴ አሸሁት፤ ተመልሶ ወጣና ተንሳፈፈ። ናይለንና ፖሊስተር ከውኃ ስለሚከብዱ ይሰምጣሉ። የሚንሳፈፈው እንደ ፖሊፕሮፕሊን ያለ ቀላል ፕላስቲክ ነው። ፖሊፕሮፕሊን ለብዙ ሥራ ይሆናል፣ አላጣጥለውም፤ ነገር ግን ርካሽ ነው፣ ናይለን ከሚቀልጥበት ባነሰ ሙቀት ይቀልጣል፣ መከላከያ ካልተጨመረበት ደግሞ ፀሐይ ቶሎ አድርቆ ያፈረፍረዋል። የእኛ አገር ልጅ ብረት የሚገፋው ግቢ ውስጥ፣ ጠራራ ላይ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ የደጋ ፀሐይ ፕላስቲክ አይምርም።

አሁን «300 ኪሎ» የምትለዋ ቁጥር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚሸወደው በእሷ ነውና። ሒሳብ የማትወዱ ዝለሉት፣ የመጨረሻዋን ቁጥር ብቻ ያዙ። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው ኪሎ አብዛኛውን ጊዜ ገመዱ የሚበጠስበት ነው። እሱም ገመዱ አዲስ ሆኖ፣ ያለ ቋጠሮ፣ ቀጥ ብሎ፣ ቀስ እያለ ሲሳብ ነው። ቋጠሮ ሲገባበት፣ እንደ ቋጠሮው ዓይነት፣ ጉልበቱ እስከ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። 300 የነበረው 150 ሆነ እንበል። በገመድ ዕቃ የሚያነሱ ባለሙያዎች ደግሞ ገመድ እንደሚያረጅና እንደሚላጥ ስለሚያውቁ ቢያንስ አምስት እጥፍ መጠባበቂያ ይይዛሉ። 150 ለአምስት ሲካፈል 30 ኪሎ። ቀጥሎ ማወዛወዙ ይመጣል። በገመድ የተንጠለጠለ ብረት ገመዱ ከመሬት ጋር ትይዩ ከሆነበት ከፍታ ተለቆ እታች ሲደርስ ገመዱን የሚስበው በራሱ ክብደት ሦስት እጥፍ ነው። 10 ኪሎ የነበረው እንደ 30 ኪሎ ይጎትታል ማለት ነው። እንግዲህ ወረቀቱ እውነት ቢናገር እንኳ፣ በዚያች ገመድ ተረጋግቶ ሊወዛወዝ የሚገባው 10 ኪሎ ብቻ ነው። ገመዱ አንዴ ረግቦ ድንገት ከተወጠረ ደግሞ ጉልበቱ ከሦስት እጥፍም ሊያልፍ ይችላል።

«ኬትልቤልን ይተካል» የሚባለውም አያስኬድም። ኬትልቤል እጀታው ከክብደቱ ጋር አንድ ብረት ነው፤ ሲወረወርም ሲመለስም እጅ ላይ ይታዘዛል። በገመድ የተንጠለጠለ ፕሌት ግን ወዲያና ወዲህ ይዞራል፣ ጉልበትና ቅልጥም ይመታል። ለመሳብና ለመሸከም ይሁን፣ ለማወዛወዝ አይሁን።

ከቀለበቱ ጋር በጥቁር መቆለፊያ መንጠቆ የሚሸጥ ዓይነትም አለ፣ በ600 ብር ይወደዳል። መንጠቆው የቁልፍ መያዣ ነው። ሰው የሚንጠለጠልበት እውነተኛ መንጠቆ አካሉ ላይ ስንት ኪሎ ኒውተን እንደሚችል ተቀርጾበታል፤ አንዱ ኪሎ ኒውተን የ100 ኪሎ ክብደት ያህል ነው። ቁጥር የሌለውን ቁልፋችሁን ያዙበት።

ሻጩን አነጋገርነው። መጀመሪያ «አጠቃቀሙን አላወቃችሁበትም» አለ። ውስጧን ፎቶ አንስተን ስንልክለት «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎ ብሎክ አደረገን። ይሄ አነጋገር ሕግ እየመሰለ ስንቱን ሰው ዝም አሰኝቷል! የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ግን ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ነጋዴም ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። ችግሩ ደረሰኝ ሳትይዙ፣ የሻጩን አድራሻ ሳታውቁ የት ሄዳችሁ ትከሳላችሁ? ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ደረሰኝ ጠይቁ። ከከፈላችሁም የቴሌብሩን መልእክት፣ የማስታወቂያውን ፎቶና የተጻጻፋችሁትን አታጥፉ፤ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት ስትሄዱ በእጃችሁ ያለው ማስረጃ እሱ ብቻ ነው።

ነገርየውን የምር የምትፈልጉት ከሆነ የሕንፃ መሣሪያ ከሚሸጥበት ሱቅ በሜትር የሚቆረጥ ገመድ ግዙ፤ ሁለት ሜትር ይበቃል። ባለሱቁ ሲቆርጥላችሁ ውስጡን እዩ፦ እስከ መሀሉ ድረስ አንድ ዓይነት ክር መሆን አለበት። ገበያ ወጥቶ መጫኛ የሚገዛ ገበሬ ጫፉን ፈታ አድርጎ፣ በጉልበቱ ተራግጦ ሳይስበው ብር አያወጣም፤ እናንተም እንደሱ ሁኑ። የትንሹ ፕሌት ቀዳዳ 25 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የትልቁ 50 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ገመድ ድርብ ሆኖ በሁለቱም ያልፋል። ሁለቱን ጫፎች አገናኝታችሁ ቀለበት አድርጋችሁ ቋጥሩት፤ ከቋጠሮው የሚተርፈው ጫፍ አንድ ስንዝር ይሁን፣ ካጠረ ሊሾልክ ይችላል። ቀለበቱን በፕሌቱ ቀዳዳ አሳልፉና አንዱን ወገን በሌላው ውስጥ አስገብታችሁ ሳቡት፤ የፕሌቱን ጠርዝ ጭምቅ አድርጎ ይይዘዋል። እንዲህ ሲሆን ክብደቱን ሁለት ገመድ ይካፈለዋል፣ ከሥር ያለ አንድ ቋጠሮ ላይ አይወድቅም። እጃችሁን የሚልጣችሁ ከሆነ የተቆረጠ የውኃ ጎማ አልብሱት።

የቃጫ ገመድም ይሆናል፤ ለመያዝ እንዲያውም ከፕላስቲኩ ይሻላል፣ አይንሸራተትም። ግን እርጥበት ያበሰብሰዋል፤ ክረምቱን ውጭ ከርሞ ውስጡ የጠቆረውን ጣሉት። የትኛውንም ገመድ ቢሆን ከመሥራታችሁ በፊት እጃችሁን አስሂዱበት፤ የተላጠ፣ የጠጠረ ወይም የሳሳ ቦታ ካለ በእሱ አትሥሩ። እግራችሁን ከፕሌቱ ሥር አታድርጉ፤ ሕፃናትም በአጠገባችሁ አይጫወቱ።

አሁን ደግሞ ያችኑ ገመድ ሽፋኗን ቀይ አድርገው «አዲስ ሞዴል» እያሉ በ1,900 ብር እየለጠፏት ነው። ልትገዙ ካሰባችሁ መሀሏን ቆርጠው በቪዲዮ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቋቸው። እኛ በሌላ ስልክ ጠይቀናቸው ነበር፤ መልእክቱን አነበቡት፣ መልስ ግን አልሰጡም።