ስድስት ወር ከሰብሊሚናል ኦዲዮ ጋር፣ በተጠራጣሪ ጆሮ

ሰብሊሚናል ኦዲዮ ማለት ጆሮ ሳይለየው አእምሮ ይቀበለዋል የሚባል የተደበቀ ንግግር ያለበት ድምፅ ነው። የተገዛው ጥቅል ሦስት ፋይል ነው፤ እያንዳንዱ 30 ደቂቃ። አንዱ የዝናብ ድምፅ፣ ሁለተኛው ለስላሳ ሙዚቃ፣ ሦስተኛው ሻጩ «ጸጥተኛ» የሚለውና ሲከፈት ምንም የማይሰማ። ከሁሉም ሥር በራስ መተማመንን የሚያሳድጉ ዓረፍተ ነገሮች ተደብቀዋል ይባላል። መመሪያው በየቀኑ፣ ቢቻል ከመኝታ በፊት፣ ቢያንስ ለ21 ቀን አድምጡ ይላል። ከስድስት ወር በኋላ ፍርዱ ይህ ነው፦ የዝናቡ ፋይል ይጠቅማል፤ ጥቅሙ ግን ከተደበቀው ቃል አይደለም።

መጀመሪያ መጣራት ያለበት ቃሉ በርግጥ መኖሩ ነው። ለዚህ ኦዳሲቲ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል። ፋይሉ ተከፍቶ፣ የትራኩ ስም ሲነካ ከሚወርደው ዝርዝር ስፔክትሮግራም (የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት በሥዕል የሚያሳይ) ይመረጣል። የሰው ንግግር እዚያ ላይ በቀላሉ ይለያል፦ በአብዛኛው ከ100 እስከ 4,000 ኸርዝ ባለው ክልል፣ እንደ መሰላል የተደራረቡ መስመሮች ሆኖ ቶሎ ቶሎ እየተቆራረጠ ይታያል። ዝናብ ደግሞ እንደ ጭጋግ ወጥ ነው። የኛው የዝናብ ፋይል ከዳር እስከ ዳር ጭጋግ ነው። ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው፤ ሰሙን የገፈፈ ወርቁን ያገኛል። እዚህ ሰሙ ሲገፈፍ ሌላ ሰም ነው የሚመጣው። በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ፊሊፕ ሜሪክልም እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው ጥናት ገበያ ላይ የነበሩ ካሴቶችን በተመሳሳይ መንገድ መርምሮ የንግግር ምልክት አላገኘባቸውም።

«ቃሉ አለ፣ በጣም ዝቅ ስላለ ነው የማይታየው» የሚል መልስ ይሰጣል። ይሁን፤ ታዲያ የፋይሉን ዓይነት እንይ። ኤምፒስሪ (MP3) የተባለው የተለመደ የድምፅ ፋይል መጠኑን የሚቀንሰው፣ በጎላ ድምፅ የተዋጠውን ደካማ ድምፅ «ጆሮ አይሰማውም» ብሎ አብዛኛውን በመጣል ነው። ሰብሊሚናል ማለት ደግሞ ሆን ተብሎ በጎላ ድምፅ የተዋጠ ደካማ ድምፅ ነው። በሰከንድ 128 ኪሎቢት እንዲሆን ተጨምቆ የተላከ ፋይል እንግዲህ የተሸከመውን መልእክት መንገድ ላይ ያራግፋል። በብሉቱዝ ማዳመጫ ከተሰማ ደግሞ ሌላ ዙር መጭመቅ አለ።

ጸጥተኛው ፋይል የባሰ ነው። ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1992 ኦሊቨር ላውሪ ካገኘው የአሜሪካ ፓተንት፣ ቁጥር 5,159,703፣ ጋር የሚሄድ ነው፦ ንግግሩ በጣም ከፍ ባለ ቀጭን ድምፅ ላይ ይጫናል፣ አንጎል ፈትቶ ያነበዋል ይባላል። ሬዲዮ እንዲህ ያለውን የሚፈታ ክፍል ተሠርቶለታል፤ ጆሮ ግን የሚሰማው ቀጭን ፉጨት ብቻ ነው፣ እሱም ከሰማ። ዕድሜው ከ40 ያለፈ ብዙ ሰው ከ15 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን አይሰማም፤ በ128 ኪሎቢት የተጨመቀ ኤምፒስሪም ብዙውን ጊዜ ከ16 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን ይቆርጠዋል። ትልቁ ጉዳት የድምፅ መጠን ላይ ነው። ምንም ስለማይሰማ ተጠቃሚው ድምፁን እስከ መጨረሻው ይጨምረዋል። ቀጥሎ የስልክ ጥሪ ወይም ማስታወቂያ ሲገባ በዚያው መጠን ጆሮ ላይ ይፈነዳል። አዋቂው ያልሰማውን ፉጨት አጠገቡ ያለ ሕፃን ሊሰማው እንደሚችልም አይዘንጋ።

ስለ «ማጣሪያ» ዘዴ አንድ ማስጠንቀቂያ። አንዳንዶች ተመሳሳዩን ሙዚቃ ያለ መልእክት አግኝተው፣ የአንዱን የድምፅ ሞገድ በኦዳሲቲ ላይ ታች ገልብጠው ከሌላው ጋር ይደምሩታል፤ የጋራው ድምፅ ተጠፋፍቶ የተደበቀው ይቀራል ተብሎ። ዘዴው የሚሠራው ሁለቱም ካልተጨመቀ ዋቭ ፋይል ከመጡና በናሙና ደረጃ ከተገጣጠሙ ነው። ናሙና ማለት ዲጂታል ድምፅ የተሠራበት ትንሿ ነጥብ ናት፤ ብዙውን ጊዜ በሰከንድ 44,100 ናሙና አለ፤ በአንዷ ቢዛነፉ እንኳ ቀጫጭኑ ድምፅ በደንብ አይጠፋፋም። ኤምፒስሪ ሲሆን ደግሞ የሚቀረው የመጭመቂያው ትርፍራፊ ነው፤ ውሃ ውስጥ እንደሚያንሾካሹክ ሰው ያሰማል። «ሰማሁት!» ከሚሉት ውስጥ ብዙዎቹ የሰሙት ይህንኑ ይመስላል።

ሐሳቡ ጭራሽ ከባዶ የተነሣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ኩይደርና ዱፑ የተባሉ ተመራማሪዎች ንግግርን ከርዝመቱ ወደ 35 በመቶ ጨምቀው በሌላ ድምፅ መካከል ሲደብቁት፣ አድማጩ ቀጥሎ የሚመጣውን ያንኑ ቃል ትንሽ ፈጥኖ ለየው። ውጤቱ የሚለካው በሚሊሰከንድ ነው። ከዚያ ተነስቶ ፍርሃትን ማስወገድ፣ ይባስ ብሎም የዓይን ቀለም መቀየር ወይም ቁመት መጨመር (እንዲህ የሚሉም አሉ) ዝላዩ ሩቅ ነው።

በራስ ላይ መሞከር የሚፈልግ እንዲህ ያድርግ። የተገዛውን የዝናብ ፋይልና ተራ የዝናብ ድምፅ፣ በርዝመትም በድምፅ መጠንም አስተካክሎ ለሌላ ሰው ይስጥ። ያ ሰው «ሀ» እና «ለ» ብሎ ይሰይማቸው፣ የትኛው የት እንደሆነም አይንገረው። እያንዳንዱ አራት ሳምንት ይደመጥ። መመዘኛው «በራሴ ተማመንኩ» የሚል ስሜት ሳይሆን የሚቆጠር ነገር ይሁን፦ የተኙበት ሰዓት፣ ስብሰባ ላይ የተናገሩበት ብዛት። በየማታው ከማዳመጥ በፊት ይጻፍ፣ የትናንቱም አይገለጥ። ሙከራውን የሚያበላሸው ይህን የመጨረሻውን መዘንጋት ነው፤ የትናንቱን ያየ ሰው ሳያውቀው ከፍ ያደርጋል። በዚህ መንገድ ሲታይ በሁለቱም ፋይል ነጥቡ መጀመሪያ ትንሽ ወጣ፣ ከዚያ ረጋ። «ሀ» ከ«ለ» አልተለየም።

ይህ የሚያስገርም አይደለም። ግሪንዋልድ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጥናት የማስታወስና የራስ ግምት ካሴቶችን ልጣፍ አቀያይረው ለሰው ሰጡ። ከአንድ ወር ያህል በኋላ የካሴቱ ይዘት ያመጣው ለውጥ አልነበረም፤ ከሲሶ በላይ የሚሆነው ሰው ግን ልጣፉ ላይ የተጻፈው ተሻሽሎልኛል ብሎ አመነ። በሻጮች ገጽ ላይ የሚደረደረው ምስክርነትም ከዚህ የተለየ መረጃ አይሰጥም።

በአማርኛ የተዘጋጁትም ከራሳቸው ችግር ነፃ አይደሉም። የእንግሊዝኛው ቃል ሴትና ወንድ ሳይለይ ያልፋል፤ በአማርኛ «ትችላለህ» እያለ የሚያነበው የማሽን ድምፅ ሴቷን አድማጭ ከጅምሩ ስቷታል። «አልፈራም» የሚለውም አፍራሹን የተሸከመው በቃሉ ጫፍና ጫፍ ነው፤ በዝናብ የሚዋጠው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጫፉ ነው። የሚሻለው በራስ ድምፅ፣ ሳይደበቅ፣ መቼና የት የሚል ዓረፍተ ነገር መቅዳት ነው፦ «ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ተነሥቼ፣ ቁርስ ሳልበላ አንድ ገጽ አጠናለሁ» ዓይነት።

ታዲያ የዝናቡ ጥቅም ከየት ነው? የመንገድ ጫጫታንና የውሻ ጩኸትን ይሸፍናል፤ በተወሰነ ሰዓት ስልክ አስቀምጦ መጋደምንም ያስለምዳል። ለዚህ መግዛት አያስፈልግም። ሌሊቱን ሙሉ ከኢንተርኔት ማጫወት ግን ኪሳራ ነው፦ በ128 ኪሎቢት ስምንት ሰዓት ወደ 460 ሜጋባይት ይበላል፣ መሀል ላይ ማስታወቂያ ይቀሰቅሳል። ማዳመጫ ሰክቶ መተኛትም በጎን ለሚተኛ ሰው ጆሮ ያሳምማል። ጸጥተኛው ተሰርዟል። የዝናቡ ፋይል ስልኩ ላይ ወርዶ አለ፤ ትንሽ ስፒከር ከአልጋው ሁለት ሜትር ርቆ፣ ከንግግር ድምፅ ዝቅ ብሎ፣ ማጥፊያው 30 ደቂቃ ላይ።