የተሰበረች ቡሎን ላወጡልኝ ጋሼ ምስጋና፣ ለምትፈልጓቸው የድሮ ደንበኞቻቸውም ጥቆማ

ካዛንቺስ ይሠሩ የነበሩትን፣ ሰፈሩ ሲፈርስ የጠፉብንን መካኒክ የምትፈልጉ፣ ተገኝተዋል! አሁን ከሜክሲኮ ወደ ልደታ ሲኬድ ውስጥ ለውስጥ አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። «ስሜንና ስልኬን እንዳታወጪብኝ» ስላሉ አላወጣም። በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ አቅጣጫውን እነግራለሁ።

የኔ መኪና አሮጌ ሆንዳ ሲቪክ ናት፣ የፈረንጆቹ 1992 ሥሪት። ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ራስ) ውሃ በሚወጣበት ክፍል ላይ፣ ከላይኛው የራዲያተር ጎማ አጠገብ፣ አየር የምታስተነፍስ ትንሽ ቡሎን አለች። ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ሲቀየር እሷን ላላ አድርገው ነው ሞተሩ ውስጥ የታጎረውን አየር የሚያስወጡት። አንድ ጋራዥ፣ ስም አልጠራም፣ ኩላንት እቀይራለሁ ብሎ ቁልፉን በጉልበት ሲጎትት አንገቷን ቀነጠሳት። ቡሎኗ ብረት፣ የተቀመጠችበት አሉሚኒየም፣ ከኔ በፊት የነበሩት ባለቤቶች ደግሞ የቧንቧ ውሃ ሲሞሉባት ስለኖሩ ዝጋ ተጣብቃለች። ይሄ ያጋጥማል፣ አልፈርድም። ያናደደኝ ቀጥሎ ያለው ነው፦ «እዛው ትቅር፣ አታፈስም፣ ዝም ብለሽ ንጂ»።

አየሩ ታዲያ በምን ይውጣ? ትንሽ እንደነዳሁ የሙቀቱ ቀስት ሽቅብ ይወጣል፣ ማሞቂያውን ስከፍት ደግሞ የሚነፍሰው ቀዝቃዛ ነው። ሌላ ቦታ ስወስዳት ክፍሉ በሙሉ መቀየር አለበት ተባልኩ፣ የጠሩልኝን ዋጋ ባልናገር ይሻላል፣ ዕቃውም እንደ ቶዮታ በየሱቁ አይገኝም።

ጋሼ መጀመሪያ የነገሩኝ ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ እንደማይነኩ ነው። ከዚያ ጉቶዋን በሽቦ ብሩሽ ጠርገው፣ ዘይት ነፍተውባት፣ ቡናቸውን ሊጠጡ ሄዱ። እኔ በትራፓኖ ይበሷታል ብዬ ነበር። «ትራፓኖ ጠንካራውን ትቶ ወደ ለስላሳው ይሸሻል» አሉኝ፣ ማለትም ብረቱን ስቶ አሉሚኒየሙን ይበላል፣ ያኔ እውነትም ክፍሉን መቀየር ግድ ነው።

ውሃ መውጫውን ከነጉቶዋ ፈትተው ሞርሳ ላይ አሰሩት። ጉቶዋ ላይ ትንሽ ዳዶ ደርበው በዳዶው ቀዳዳ በኩል ሁለቱን አንድ ላይ በየዷቸው። ብየዳው ብረትን ከብረት ነው የሚይዘው፣ አሉሚኒየሙን አይዘውም። ሙቀቱ ደግሞ ዝገቱን ያላቅቀዋል። ቀዝቀዝ ሲል ዳዶው ላይ ቁልፍ አስገቡና ትንሽ ወደ ኋላ፣ ትንሽ ወደ ፊት፣ እንደገና ወደ ኋላ። ረዳታቸው «ጋሼ፣ በደንብ ልሳበው?» ሲላቸው «ዋ!» አሉት። በቃ «ዋ!» ብቻ። ወጣች።

የቀዳዳውን ጥርስ አጸዱ። ሌላ ቡሎን ከሶማሌ ተራ የአሮጌ መለዋወጫ ገበያ፣ ከተፈታ ሞተር ላይ አስመጡ። የመኪናዋን አፍንጫ በክሪክ ከፍ አድርገው፣ ማሞቂያውን ሙቅ ላይ አድርገው፣ ቡሎኗን ላላ አድርገው ኩላንትና የባትሪ ውሃ (የተጣራውን ማለቴ ነው፣ አሲዱን አይደለም) እኩል በእኩል ቀስ እያሉ ሞሉ። መጀመሪያ ፍስስ አለች፣ ከዚያ አረፋ ተፋች፣ ከዚያ አረፋ የሌለው ቀጥ ያለ ፈሳሽ መጣ። ያኔ ጠበቅ አደረጓት። ጠበቅ ስል በአጭር ቁልፍ፣ በሁለት ጣት ነው፣ እንደዚያኛው ጋራዥ ወገባቸውን ይዘው አይደለም።

የራዲያተሩንም ክዳን ሳይጠየቁ አዩት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ስለምታልፍ ድስት ላይ የተጣደ ውሃ እዚህ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፣ 100 አይደርስም። መኪናችን ውስጥ ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። የኔ ክዳን ላስቲኩ ደርቆ ስለነበር ቀየሩት። ቴርሞስታቱን ግን «ደህና ነው፣ ብርሽን አታባክኚ» አሉኝ። ሌላ ሰው ቢሆን እሱንም፣ የውሃ ፓምፑንም፣ ምናልባት የራዲያተሩን ጎማም አብሮ ይጭንብኝ ነበር። የጠየቁኝ ሒሳብ ሌላው ቦታ ለዕቃው ብቻ ከጠሩልኝ ግማሽ አይሞላም። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እጅዎ ይባረክ!

አሁን ቸርችል ጎዳናን በጭንቅንቅ ሰዓት ስወጣ ቀስቱ ከግማሽ በታች ሆኖ ፍንክች አይልም።

እንዳትታዘቡኝ ግን፣ ጋሼ ቀርፋፋ ናቸው። ስልክ ብዙ አያነሱም። አጠገባቸው ቆሞ የሚያጣድፋቸውን ሰው ይቆጣሉ፣ እኔም ቀምሼዋለሁ። ጠዋት ሂዱ። እንዲህ ላለ ሥራ ከሆነ መኪናውን እዛው ማቆየት ሊኖርባችሁ ይችላል፣ ምክንያቱም ሞተሩ እስኪበርድ አይነኩትም። አውቶማቲክ ካምቢዮ ደግሞ አይሠሩም፣ ለሱ ሌላ ባለሙያ ጋ ነው የሚልኳችሁ።